ወጣቶች ለሕፃናት ካንሰር የሚያሰባስቡት ገንዘብ የት ቢውል ልጅ ያድናል?

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዘዋወሩ የእርዳታ ጥሪዎችን የሚከታተል ሰው መልካቸውን በቃሉ ያውቀዋል። ጸጉሩ የረገፈ ሕፃን ፎቶግራፍ፣ የሕክምና ቦርድ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ የወላጅ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ከሥሩም «የቻላችሁ በገንዘብ፣ ያልቻላችሁ በጸሎትና ሼር በማድረግ» የሚል ተማጽኖ ይታያል። ጥሪው ከስልክ ወጥቶ አደባባይ ሲደርስ ደግሞ ሞንታርቦ የተጫነበት መኪና ይመጣል፤ የልጁ ምስል የታተመበት ባነር ይወጠራል፤ ወጣቶች ካርቶን ይዘው መብራት ላይ በቆመው ታክሲ መስኮት ሁሉ ይጠጋሉ። ከወጣቶቹ መካከል የልጁ የሰፈር ልጆች፣ የታላቅ ወንድሙ የክፍል ጓደኞች፣ ልጁን አይተውት የማያውቁ የበጎ ፈቃድ ማኅበራት አባላትም ይገኛሉ።

በእነዚህ ወጣቶች ላይ ጣት መቀሰር ተገቢ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከተቋማት ቀድመው ከቤተሰቡ ደጃፍ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር ነው፤ በኢትዮጵያ ካንሰር የያዘው ልጅ እንዳይድን የሚያደርገው ምንድን ነው? የሚሰበሰበው ገንዘብስ የሚውለው በዚያ ላይ ነው ወይስ በሌላ? የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ በአንድ ልጅ ስም ለውጭ ሕክምና የሚሰበሰበው ትልቅ ገንዘብና በመታጣቱ ልጆችን በአገር ውስጥ ከጀመሩት ሕክምና የሚያስቀረው ትንሽ ገንዘብ ሳይገናኙ እየተላለፉ ነው የሚል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ዕድሜያቸው ከ20 በታች የሆኑ 400 ሺሕ ያህል ሕፃናትና ታዳጊዎች በካንሰር እንደሚያዙ ይገምታል። ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከመቶው ከ80 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ፤ በብዙዎቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን የሚድኑት ከመቶው 30 እንኳ አይሞሉም። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባስጀመረው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ካንሰር መርሐ ግብር፣ በሕይወት የሚተርፉትን ልጆች እስከ 2030 ድረስ በዓለም ደረጃ ቢያንስ 60 በመቶ ለማድረስ አቅዷል። በአገሮች መካከል ያለው ይህ ሁሉ ልዩነት የበለጸጉት ለሌላው የማይሰጡት ምሥጢራዊ መድኃኒት ስላላቸው የመጣ አይደለም። በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው የደም ካንሰር፣ አኪዩት ሊምፎብላስቲክ ሉኬሚያ የሚባለው፣ ዛሬም በዋናነት የሚታከመው እንደ ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴትና መርካፕቶፑሪን ባሉ፣ ከተገኙ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሆናቸው መድኃኒቶች ነው። ልዩነቱ መድኃኒቶቹ በተወሰነላቸው ቀን፣ ሳይቋረጡ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ለሚዘልቅ ጊዜ ለልጁ በመድረሳቸውና ባለመድረሳቸው መካከል ነው።

የሙያው ሰዎች አንድ ልጅ ያለ ሕክምና ምክንያት ለ4 ተከታታይ ሳምንታት ወይም ከዚያ በላይ ከሕክምናው ከቀረ «ሕክምናውን አቋርጧል» ብለው ይመዘግቡታል። ይህ መዝገብ ድሃ በሆኑ አገሮች ከታማሚዎቹ ከፍተኛ ቁጥር የሚይዝ ሲሆን፣ ማቋረጡ የሚከሰትበት ጊዜም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የደም ካንሰር የያዘው ልጅ የመጀመሪያውን ወር ብርቱ ሕክምና ሲጨርስ፣ መድኃኒቱ ከሠራለት፣ ትኩሳቱ ይጠፋል፣ ፊቱ ይመለሳል፣ ይጫወታል፣ እንጀራ ጠይቆ ይበላል። ለሐኪሙ ይህ ገና የመንገዱ መጀመሪያ ነው፤ በደሙ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የማይታዩ የካንሰር ሕዋሳት አሉና። በሬውን ሸጦ ከሩቅ ወረዳ ለመጣው አባት ግን ልጁ ድኗል። እናትየዋ ሌሎቹን ልጆች ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ወጥታለች፣ አዝመራው ደርሷል፣ የዘመድ ቤት እንግድነቱ ከወር አልፎ ፊት መንሣት አስከትሏል። እንዲህ ያለ ቤተሰብ «ለቀጠሮው እንመለሳለን» ብሎ ይሄዳል፤ ሕመሙ ሲያገረሽ ሲመለስም የመጀመሪያው ዕድል አልፏል። ያገረሸ ሉኬሚያ ለማከም ከፊተኛው እጅግ የከበደና የተወደደ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ብዙውን ጊዜ የውጭ ሕክምና ወሬ የሚነሣውና ባነሩ የሚታተመው።

ሕክምናው በአገር ውስጥ የለም ማለት አይቻልም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ጀምሮ ለሕፃናት ካንሰር ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ መቀመጫውን ዋሽንግተን ዲሲ ያደረገው አስላን ፕሮጀክት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሕፃናት ካንሰር ስፔሻሊስቶች በአገር ውስጥ እንዲሠለጥኑ ረድቷል፤ ከዚያም አገልግሎቱ ወደ ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌ ሰፍቷል። ጤና ሚኒስቴርም ከ2019 እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) የሚዘልቅ የሕፃናትና የታዳጊዎች ካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ሐኪሙ አለ፣ ክፍሉም አለ ማለት ነው። ችግሩ በአልጋውና በቤተሰቡ ቤት መካከል ባለው መቶዎች ኪሎ ሜትር ላይ፣ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት «ይህ የለም፣ ከውጭ ግዙ» በሚለው መልስ ላይ፣ በትራንስፖርት፣ በምግብና በማደሪያ ላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር የያዘ ቤተሰብ እንኳ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ከሌለ ደብተሩ ብዙ አይረዳውም፤ ደብተሩ የአውቶቡስ ትኬት አይቆርጥም፣ ማደሪያም አይከራይም።

ይህን ክፍተት ቀድመው ያዩት ወላጆች ናቸው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው በ4 ዓመቱ በደም ካንሰር በሞተው ማቲዎስ መታሰቢያነት በአባቱ በአቶ ወንዱ በቀለና በባለቤታቸው ነው። ተስፋ አዲስ የተባለው፣ ካንሰር የያዛቸው ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ድርጅትም በጥቁር አንበሳ ለሚታከሙና ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ልጆችና አስታማሚዎቻቸው ማደሪያ፣ ምግብና መጓጓዣ ይሰጣል። እነዚህ ድርጅቶች የሚሠሩት ሥራ ለቪዲዮ የሚመች አይደለም። የአንድ ልጅ አልጋ፣ ለእናቱ የሚሆን ማብሰያ፣ ለቀጣዩ ቀጠሮ የሚሰጥ የትራንስፖርት ገንዘብ እንባ አያስነባም። ልጁን በሦስተኛው ወርና በአሥራ አምስተኛው ወር ወደ ሆስፒታሉ የሚመልሰው ግን ይህ ነው።

የወጣቶች ገንዘብ እንዲህ ላለ የዕለት ተዕለት ወጪ ሊውል እንደሚችል ለማየት አንድ የታወቀ ምሳሌ በቅርበት መመርመር ይጠቅማል። በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ ግዛት የሚገኘው የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በየዓመቱ በየካቲት አካባቢ «ቶን» ብለው የሚጠሩትን የጭፈራ ማራቶን ያካሂዳሉ። በዕጣና በውድድር የተመረጡ 700 ያህል ተማሪዎች ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለ46 ሰዓት ሳይተኙና ሳይቀመጡ በብራይስ ጆርዳን ሴንተር አዳራሽ ይቆማሉ። ጓደኞቻቸው እግራቸውን ያሹላቸዋል፣ ውኃ ያቀብሏቸዋል፣ እንቅልፍ ሲጥላቸው ይዘዋቸው ይንቀሳቀሳሉ። እሑድ በመጨረሻው ሰዓት በካንሰር የታከሙ ልጆች ከቤተሰቦቻቸው ጋር መድረክ ላይ ወጥተው ይናገራሉ፤ ልጃቸውን የቀበሩ ወላጆችም ይናገራሉ። በመጨረሻም ኃላፊዎቹ የዓመቱን ገቢ አንድ አንድ አኃዝ በተጻፈባቸው ሰሌዳዎች ከፍ አድርገው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 በሰሌዳዎቹ ላይ የታየው ከ17 ሚሊዮን 700 ሺሕ ዶላር በላይ ነበር።

አኃዙ ዓይን ቢስብም ለእኛ ትምህርት የሚሆነው እሱ አይደለም። ቶን እ.ኤ.አ. በ1973 ሲጀመር በአንድ የተማሪዎች አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ጥንዶች ለ30 ሰዓት ጨፍረው ያሰባሰቡት ከ2 ሺሕ ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነበር፤ ያኔ የሚረዳውም ሌላ ድርጅት ነበር። ነገሩ መልክ የያዘው በ1977 ነው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ተማሪዎቹ ገንዘቡን ያለ ማወላወል ለአንድ ተቋም ሰጥተዋል፤ ይኸውም በ14 ዓመቱ በካንሰር ለሞተው ክሪስቶፈር ሚላርድ መታሰቢያ ወላጆቹ በ1972 ያቋቋሙት ፎር ዳይመንድስ የተባለው ፈንድ ነው። ፈንዱ በሄርሺ ከተማ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የሕፃናት ሆስፒታል ለሚታከሙ ካንሰር የያዛቸው ልጆች፣ መድን ድርጅታቸው የማይሸፍነውን የሕክምና ወጪ ይከፍላል፤ በተጨማሪም የምርምር ሥራና የባለሙያዎች ድጋፍ በገንዘቡ ይካሄዳል። አንድ ቤተሰብ የልጁን ፎቶግራፍ ይዞ ሰው ፊት መቆም አያስፈልገውም፤ ልጁ በዚያ ሆስፒታል መታከሙ ብቻ ይበቃል። በየዓመቱ ተመርቀው የሚወጡትን ተማሪዎች አዲስ የሚገቡት እየተኩ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሰበሰቡት ከ200 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። (በነገራችን ላይ፣ በዓለም እጅግ ሀብታም በሆነች አገር የልጅ ሕክምና ሂሳብ በተማሪዎች ጭፈራ መዘጋቱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎቹን ግን የሚመለከት አይደለም።)

ቶን የሠራው ስሕተትም ሊነገር ይገባዋል፤ ለእኛ የሚቀርበው ምናልባት ይህ ነውና። ለብዙ ዓመታት ተማሪዎቹ ገንዘብ የሚያሰባስቡበት ዋናው መንገድ ቅዳሜና እሑድ በመኪና ወደ ሌሎች ከተሞች እየተጓዙ በመስቀለኛ መንገዶችና በገበያ አዳራሽ በሮች ጣሳ ይዞ መቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አንዲት ተማሪ ከእንዲህ ያለ ጉዞ ጋር በተያያዘ የመኪና አደጋ ሞተች። ዩኒቨርሲቲው ጉዞውን ደረጃ በደረጃ እንዲቆም ወሰነ። በ2015 ከ13 ሚሊዮን ዶላር በላይ የነበረው የዓመት ገቢ በ2016 ከ10 ሚሊዮን በታች ወረደ። የጣሳው መቅረት ብቻውን ይህን አመጣ ማለት ባይቻልም፣ ገቢው ወደ ቀድሞው ደረጃ የተመለሰው በኢንተርኔት የሚሰጥ ስጦታ፣ የቀድሞ ተማሪዎች መዋጮና የየማኅበሩ ዝግጅት ቦታውን ከያዘ በኋላ፣ በ2022 ነው። በመኪና መካከል እየተሽሎኮለኩ ካርቶን የሚዘረጉ የአዲስ አበባ ወጣቶችም ሆኑ የሚያስተባብሯቸው ሰዎች ይህን ታሪክ ቢያውቁት መልካም ነው። ቴሌብር ባለበት ዘመን ወጣት ልጅን ሲኖትራክ በሚያልፍበት መንገድ መሐል ማቆም በምንም ሂሳብ አያዋጣም።

ሌላው መሠረታዊ ጉዳይ የልጁ ፊት ነው። በሕፃን ታማሚ አማካይነት ከሕዝብ ገንዘብ የማሰባሰብ ዘመናዊው ዘዴ ሥር የሰደደው በቦስተን ነው። ሲድኒ ፋርበር የተባሉት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1948 በደም ካንሰር የተያዙ ሕፃናትን ለጊዜው የሚያሻሽል መድኃኒት መገኘቱን አሳትመው ነበር፤ ለምርምሩ ግን ገንዘብ አልነበረም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ በመላው አሜሪካ በሚደመጥ የሬዲዮ ዝግጅት አንድ የ12 ዓመት ታማሚ ከሆስፒታል አልጋው ላይ እንዲናገር ተደረገ፤ የሚወዳቸው የቤዝቦል ተጫዋቾችም ክፍሉ ድረስ ገብተው አስደነቁት። ልጁ ጨዋታቸውን ማየት እንዲችል ቴሌቪዥን ይገዛለት ዘንድ አድማጮች ተጠየቁ፤ 20 ሺሕ ዶላር ከተሰበሰበ ቴሌቪዥኑ እንደሚገዛለት ተነገረ። በዓመቱ ውስጥ የተሰበሰበው ከ200 ሺሕ ዶላር በላይ ሆነ፤ «ጂሚ ፈንድ» የተባለው ዛሬም ድረስ ያለው ድርጅትም ከዚህ ተወለደ።

ጂሚ የልጁ ስም አልነበረም። ሐኪሞቹ ማንነቱን ለመጠበቅ ያወጡለት የመሸሸጊያ ስም ነበር። ሕዝቡ ልጁ ከሞተ ቆይቷል ብሎ ያምን ነበር፤ እሱ ግን ድኖ፣ አድጎ፣ ሦስት ልጆች ወልዶ፣ የጭነት መኪና እየነዳ ይኖር ነበር። አይናር ጉስታፍሰን የተባለው ይህ ሰው ማንነቱ ለሕዝብ የተገለጠው ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። በሬዲዮ ዘመን የነበሩት ሰዎች ልጁ ሊድንና ትልቅ ሰው ሊሆን እንደሚችል አስበው ስሙን ሸሸጉለት። እኛ ዛሬ የምናደርገውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር አያኮራም። የልጁ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥሩ፣ የምርመራ ውጤቱ፣ ራቁት ሰውነቱ ላይ የወጣው እብጠት ሳይቀር በስልክ ይሠራጫል። ልጁ ከዳነ ከ10 ዓመት በኋላ ስሙን በፈለገ ቁጥር የሚያገኘው ይህን ነው፤ ልጅቷም ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ «ያቺ ካንሰር የነበረባት» እየተባለች ትታያለች፤ በሽታው ይተላለፋል ወይም በዘር ይሄዳል ብሎ የሚፈራ ሰው ባልጠፋበት አገር ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ወላጅ ጨንቆት የሰጠው ፈቃድ የልጁ ፈቃድ አይደለም። ለተቋም የሚሰበሰብ ገንዘብ ካሉት ብልጫዎች አንዱ የማንንም ልጅ ፊት የማይፈልግ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊያነሣው የሚገባ ተቃውሞ አለ። በአገር ውስጥ የማይሰጥ ሕክምና በእርግጥ የሚያስፈልጋቸው ልጆች አሉ፤ የሕክምና ቦርድም ይህን አይቶ ወደ ውጭ እንዲሄዱ ይጽፍላቸዋል። ለእነሱ «ገንዘቡ ለብዙኃኑ ይዋል» ማለት ጭካኔ ነው፤ የገዛ ልጁ የታመመበት ወላጅም እንዲህ ያለ ሂሳብ እንዲሠራ አይጠበቅበትም። ነገር ግን በሽታው ጊዜ አይሰጥም። በርኪት ሊምፎማ የተባለው፣ ብዙ ጊዜ በመንጋጋ ወይም በሆድ እብጠት የሚጀምረው የሕፃናት ካንሰር፣ መጠኑን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ በእጥፍ ሊያሳድግ ይችላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በአገር ውስጥ ባለ ኬሞቴራፒ ሊድን የሚችል ነው። ሚሊዮኖች እስኪሞሉ ድረስ፣ ፓስፖርት እስኪወጣ፣ ቪዛ እስኪመታ፣ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድ ሁለት ሦስት ወር ያልፋል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖች ጎፈንድሚ በተባለው የኢንተርኔት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ጥሪ ከከፈቱም፣ ድርጅቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሂሳብ ስለማይልክ፣ ገንዘቡ በመጀመሪያ በከፋቹ ስም ይገባና በእሱ በኩል ይላካል፤ ይህም ጊዜን ብቻ ሳይሆን እምነትንም ይፈትናል። ስለዚህ ጥሪ የሚያስተባብር ወጣት ባነሩን ከማሳተሙ በፊት ለሚያክመው ሐኪም ሊያቀርባቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው፤ ይህ ልጅ ዛሬ እዚህ ሊጀምረው የሚችለው ሕክምና አለ ወይ? ካለስ ገንዘቡ እስኪሞላ እየተከታተለ ነው ወይስ ውጭ እስኪሄድ ብሎ አቁሟል? የሁለተኛው ጥያቄ መልስ «አቁሟል» ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚሰበሰበው ብር የሚያስፈልገው ለአውሮፕላን አይደለም።

ወጣቶች ከገንዘብ ውጪ ሊሰጡት የሚችሉት፣ በእኔ ግምት ከገንዘቡም የማያንስ ነገር ደም ነው። ኬሞቴራፒ የሚወስድ ልጅ መቅኔው ለጊዜው ደም ማምረት ያቆማል፤ ቀይ የደም ሕዋስና ፕላትሌት የተባለው ደም የሚያረጋው ክፍል ካልተሰጠው መድኃኒቱን መቀጠል አይቻልም፤ ደሙም ካልረጋ በአፍንጫው ወይም በአንጎሉ ውስጥ ሊፈስ ይችላል። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ለሳምንታት ይቆያል፤ ፕላትሌት ግን ከተቀዳ ከ5 ቀን ገደማ በኋላ አይሠራም። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በትልቅ ዘመቻ የሚሰበሰብ ደም ለእነዚህ ልጆች አይበቃም፤ በየሳምንቱ የሚመጣ ሰው ያስፈልጋል። የአገሪቱ የደም ባንክ ደግሞ አብዛኛውን ደም የሚያገኘው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና ከዩኒቨርሲቲዎች በመሆኑ፣ ክረምት መጥቶ ተማሪው ሲበተን ክምችቱ ይቀንሳል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በላይ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊለግስ ይችላል። 50 አባላት ያሉት አንድ የዩኒቨርሲቲ የበጎ አድራጎት ክበብ አባላቱን በሳምንታት ደልድሎ፣ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ እንዳይሆኑ የከተማ ነዋሪ የሆኑትን ለክረምት ቢያስቀር፣ የሚሠራው ሥራ ቲሸርት አሳትሞ ከሚያደርገው የእግር ጉዞ የሚበልጥ ይመስለኛል። ቲሸርቱ አይጠላም፤ ግን ቲሸርት ደም አያስቆምም።

ግንዛቤ መፍጠር የሚባለውም እንዲሁ ከአዋቂዎች ካንሰር ተቀድቶ የመጣ ቋንቋ ይዞ ነው የሚነገረው። «ካንሰርን እንከላከል፣ በየዓመቱ እንመርመር» የሚለው መልእክት ለማኅፀን በር ወይም ለጡት ካንሰር ይሠራል። የሕፃናት ካንሰር አብዛኛው መከላከያ የለውም፤ ጤነኛ ልጆችን በጅምላ እየመረመሩም አይደረስበትም። የሚጠቅመው ምልክቱን ማወቅ ብቻ ነው፤ ምልክቱን ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ሐኪም ሳይሆን እናት ናት። ልጇን ስታጥብ በሆዱ አንድ ጎን የሚነካ እብጠት የኩላሊት ካንሰር ሊሆን ይችላል። በስልክ ብልጭታ ሲነሣ በአንድ ዓይኑ ብሌን ላይ ቀይ ሳይሆን ነጭ ነጸብራቅ የሚታይ ሕፃን ሬቲኖብላስቶማ የተባለው የዓይን ካንሰር ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ በሽታ በበለጸጉ አገሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም ልጅ የሚተርፍበት ሲሆን፣ ዓይኑ አብጦ እስኪወጣ ከተጠበቀ ግን ይገድላል። በሕክምና የማይለቅ ትኩሳት፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ንጣት፣ ሳይመታ የሚበልዝ ሰውነት፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የአጥንት ሕመም የደም ካንሰር ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። እነዚህ ምልክቶች የታዩበት ልጅ ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም፤ ሳምንታት ካለፉ ግን ከጤና ኬላ በላይ መታየት አለበት ማለት ነው።

ይህን እውቀት ወደ ገጠር ለማድረስ ወጣቶች ያላቸው ዕድል ሌላ ማንም የለውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው ክረምት ሲሆን ወደ ትውልድ ቀዬው ይመለሳል፤ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትም በየወረዳው ይደራጃል። ተማሪው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያውቃታል፣ ወጌሻውን ያውቀዋል፣ የደብሩን አባቶች ያውቃቸዋል። አጥንቱ ያበጠ ልጅ በመጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ወጌሻ ከሆነ፣ ወጌሻው «ይህ ወለምታ አይደለም፣ እኔ አላሸውም» እንዲል ማሳመን ከአንድ ሺሕ በራሪ ወረቀት ይበልጣል። ፀበል የሚሄዱ ቤተሰቦችንም ከፀበሉ ማስቀረት አያስፈልግም፤ ፀበሉና የሐኪም መድኃኒት ጎን ለጎን እንዲሄዱ፣ ሱባኤውም ከኬሞቴራፒው ቀጠሮ ጋር እንዳይጋጭ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል። በመስከረም መግቢያ በአሜሪካ የሕፃናት ካንሰር ግንዛቤ ወር ሲከበር የዘመቻው ምልክት የሆነው ወርቃማው ሪባን በየገጹ ይለጠፋል፤ እኛም ዘንድ ትምህርት ቤት የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነውና መምህራን ልጅ ሊያስመዘግቡ ለሚመጡ ወላጆች እነዚህን ምልክቶች ቢነግሯቸው ለሪባኑ ትርጉም ይሆነዋል።

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ይቀራል። ለአንድ ልጅ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሁልጊዜ ከሚፈለገው ያነሰ ወይም የበለጠ ነው። ልጁ ገንዘቡ ሳይሞላ ሊሞት ይችላል፤ ሕክምናው ከተገመተው ባነሰ ዋጋ ሊያልቅም ይችላል። የቀረው ገንዘብ የማን ነው? ወላጆቹ በሐዘን ላይ ሆነው ሂሳቡን እንዲያወራርዱ የሚጠይቃቸው የለም፤ ሲጠየቁም ይሰደባሉ፤ ሳይጠየቁ ሲቀሩ ደግሞ ለሚቀጥለው ልጅ ጥሪ ሲወጣ «ያኛውስ የት ደረሰ?» የሚል ጥርጣሬ ይነሣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ለተወሰነ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለሚያሰባስብ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ቦታ ይሰጣል፤ ኮሚቴው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ዕውቅና አግኝቶ እንዲሠራም ይጠይቃል። ወጣቶች በግለሰብ ሂሳብ ላይ ከሚሰበስቡ ይልቅ ይህን መንገድ ቢይዙ፣ ሂሳቡም በሁለት ሦስት ሰው ፊርማ ቢንቀሳቀስ፣ ራሳቸውንም ከሐሜት ያድናሉ። በጥሪው ላይ ከሂሳብ ቁጥሩ በታች «ከልጁ ሕክምና የሚተርፈው ገንዘብ በሆስፒታሉ የሚታከሙ ሌሎች ልጆች ማደሪያና መጓጓዣ ላይ ይውላል» የሚል አንድ መስመር መጨመር ምንም ወጪ የለውም። ኮሚቴው ግን ይህን ከወላጆቹ ጋር ተቀምጦ መነጋገር ያለበት የመጀመሪያው ብር ከመግባቱ በፊት ነው፤ ከለቅሶ በኋላ ያን ጥያቄ ለማንሣት የሚደፍር አይኖርም።